ጀርባዬን ለጎሉ

አሥራ አንድ ዓመት ቆምሁ ከሜዳው ጠርዝ ላይ፣
አንዲት ጎል ሳላይ።
ሥራዬ ሰው ማየት፤
ደረጃው እንዳይጠብ፣ አጥሩ እንዳይገፋ፣ በሩ እንዳይዘጋበት።
ጀርባዬን ለኳሷ፣ ፊቴን ለሕዝቡ ሰጥቼ፣
ጎሉን ከሰው ፊት ላይ አነበዋለሁ፣ ከሰው ዓይን ቀድቼ፦
መጀመሪያ ቅንድብ ይነሣል፣ ቀጥሎ አፍ ይከፈታል፤
ድምፁ ግን ገና ነው፣ አንዲት ትንፋሽ ያህል ይዘገያል።
በዚያች ትንፋሽ መሀል
ሃያ ሺህ ሰው ዝም ይላል።
ያን ዝምታ ከእኔ ሌላ ማን ሰምቶታል?

ስጀምር ትኬት ቀዳጅ ነበርሁ፣
ከሽምብጥ በእግሬ መጥቼ፣ በቀን አበል።
ሰውን በእጁ ነው ያወቅሁት፦
ላብ ያራሰው ወረቀት፣ የተጨማደደ ብር፣
ሁለት ልጅ በአንድ ትኬት የሚያሾልክ አባት።
አለቃዬ ጋሽ አንማው
ሠላሳ ሁለት ቁልፍ በሲባጎ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ
በጨለማ በጣቱ ዳብሶ ይለያቸዋል።
«ትሁን» አለኝ አንድ ቀን፣
«ጨዋታ የሚጀመረው ፊሽካ ሲነፋ እንዳይመስልሽ፤
ሽንት ቤቱ ውሃ ሲያገኝ ነው።»
ሣቅሁ። እሱ አልሣቀም።

ኖራ በጥብጦ ማስመር አስተማረኝ፣
«በጠዋት ጨርሺ» እያለ፣ «ከሰዓት ጣና ይተነፍሳል፣
ንፋሱ ሲመጣ ቀጥ ያለው ይጣመማል።»
ጄኔሬተሩን በድምፁ፣ ሣሩን በሽታው፣
ሕዝቡን በእግሩ ኮቴ ማወቅ ተማርሁ።
ቀን ሠርቼ ማታ ተምሬ፣
ዛሬ ደረቴ ላይ ባጅ አለ፤ «ኃላፊ» ይላል።
ኃላፊ ማለት
ሁሉ ነገር ሲሳካ ስሟ የማይነሣ ሴት።
እናቴ ሥራዬን ለጎረቤት ስታስረዳ
«ልጄ ስታዲየም ናት» ብላ ታልፈዋለች፣
ሲሚንቶ የወለደች ይመስል።

የፍጻሜው ዋዜማ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
ስልኬ ጮኸ። ዘበኛው ሞኝሆዴ፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ፦
«ጉማሬ ገብቷል!»

ከዓባይ ዳር ከደንገሉ ወጥቶ፣ የቦዩን አፍ ይዞ፣
የሽቦውን አጥር እንደ ሸረሪት ድር በጥሶ፣
ሦስት ወር ያጠጣሁትን ሣር ይግጣል፣
በእርጋታ፣ እንደ ባለርስት።
ሞኝሆዴ ድንጋይ አንሥቷል። እጁን ያዝሁት።
ለጋሽ አንማው ደወልሁ፤ ጡረታ ከወጣ ዓመት አልፎታል፣
በመጀመሪያው ጥሪ አነሣ፣ እንደማይተኛ ሁሉ።
«መብራት እንዳታበሪበት፤
አትጩሁ፣ አትክበቡት።
መውጫውን ብቻ ክፈቺለት።»

ሰባተኛውን በር ከፈትሁ።
ከሞኝሆዴ ጋር ግድግዳ ተደግፈን ተቀመጥን፣
ጥርሱ ሣሩን ሲቆርጥ እያዳመጥን።
ሊነጋ ሲል ወጣ፣
ሳይቸኩል፣ ጨዋታ አሸንፎ እንደሚሄድ ደጋፊ።

ዱካው አርባ አንድ ነበር፣ እያንዳንዱ ባለ አራት ጣት፣
ሰባቱ በፍጹም ቅጣት ምቱ ክልል ውስጥ።
በባጃጅ አሸዋ አስመጣሁ፤ ሞላን፣ ረገጥን፣
ከጎሉ ኋላ ሣር ቆርጠን ለጠፍን፣
ፀሐይ በጣና ላይ ስትወጣ ኖራውን ደገምሁ፣
ጣና ሳይተነፍስ ጨረስሁ።

ከሰዓት በኋላ ቅንድቦች ተነሡ፣ አፎች ተከፈቱ፤
በዚያች ትንፋሽ መሀል በልቤ የጠየቅሁት
ማን አገባ ብዬ አልነበረም፤
ማን ተደናቀፈ ብዬ ነበር።
ማንም።

ሕዝቡ ሲበተን በሮቹን ቆጠርሁ።
የተረሳ ነገር፦ አንድ እግር የሕፃን ጫማ፣ ጥላ፣
የአንድ ሽማግሌ ከዘራ። (ያለ ከዘራው እንዴት ሄደ?)
ያኔ ነው ዞሬ ሜዳውን ያየሁት፣
ማንም የሌለበትን።

ከማዕዘኑ ባንዲራ ኋላ
ሳንሞላው የቀረ አንድ ዱካ አለ፤
ውሃ አቁሯል፣ የማማውን መብራት ይዟል።
ማብሪያውን ወደ ታች ሳደርገው
መጀመሪያ ማማው ጠፋ፣
ከዱካው ግን ትንሽ የዘገየ መሰለኝ።